በጌሙ ውስጥ የተተከለው የወሰን ድንጋይ

አባቴና አጎቴ በአንዲት የበሬ መዞሪያ ምክንያት ተኳርፈው ኖረዋል። ቦታዋ ሮብ ገበያ አጠገብ ናት፤ ከአያቴ በወረሱት መሬት መሀል ላይ ያለች፣ ጥማድ በሬ ትልሙን ጨርሶ የሚመለስባት ቀጭን ቁራጭ። አያቴ ሞተው መሬቱ ለሁለት ሲከፈል አባቴ «ቁራጯ ከእኔ ወሰን ውስጥ ናት» አለ፤ ታናሽ ወንድሙም «ከእኔ ናት» አለ። እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ፊደል ቆጥሬ፣ ማትሪክ ተፈትኜ፣ በኮምፒውተር ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ ደብረ ማርቆስ አባቴ ቤት ስቀመጥ እንኳ ጠቡ እንዳለ ነበር። ሁለቱም እርሻቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ከተማ ገብተዋል፤ ጠቡን ግን ለአራሽ አልሰጡትም፣ ይዘውት ነው የገቡት።

ከተማዋ ደግሞ ለሁለት ኩርፈኞች ጠባብ ናት። ለቅሶ ቤት አንዱ ሲገባ ሌላው በጓሮ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን አንዱ በአንደኛው በር ከተሳለመ ሌላው ዞሮ በሌላኛው ይሳለማል። የአያቴን ተዝካር እንኳ ለየብቻ አወጡ፤ ካህናቱ ሁለት ጊዜ በሉ። ከዚህ ጠብ ያተረፉ ቢኖሩ እነሱ ብቻ ናቸው።

አባቴ ግን በየበዓሉ በግ ሲጥል ቢላውን እየሳለ «የአጎትህ እጅ ለበግ ጥሩ ነበር» ይልና ወዲያው እንዳልተናገረ ሰው ያጉረመርማል። ከዚያ በጉን ራሱ ይገፈዋል፤ ቆዳው ወንፊት ሆኖ ይወጣል። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነበር። ሳይነጋገሩ አንዳቸው ይሞታሉ፣ የቀረውም ቀብሩ ላይ የት እንደሚቆም ይጠፋዋል እያልኩ እፈራ ነበር።

እኔና የአጎቴ ልጅ ግን ጓደኛሞች ነበርን። እሱ መናኸሪያው አጠገብ ጌም ቤት ነበረው፤ ቴሌቪዥኖቹ ያረጁ፣ አግዳሚው የሚወዛወዝ፣ ሁልጊዜ ግን ሰው የማይጠፋበት። አባቶቻችን ወዳጅነታችንን አያውቁም ብለን እናምን ነበር። ከተማው በሙሉ ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ፤ እንደማያውቁ ማስመሰሉ ለሁላችንም ይመቸን ነበር።

አንድ ቀን ከሱዳን የተመለሰ ሾፌር በእጅ የምትያዝ ትንሽ የጌም ማሽን ሸጠለት። መስታወቷ የተሰነጠቀ፣ አንድ ቁልፏ የዶለዶመ፣ ውስጧ ባዶ ነበር። እኛ ደግሞ የምንወደው አንድ የድሮ ጌም አለ፤ በትልቁ መጫወቻ እንጂ በትንሿ የማይሠራ። መንገድ የማይታዘዝበት ጌም ነው። አንድ ሙሉ ከተማ ከነወንዙ፣ ከነባሕሩና ከነገጠሩ ይሰጡሃል፤ አንድ ጎረምሳ ይሰጡሃል፤ ከዚያ ወደ ፈለግህበት ሂድ ይሉሃል። ሥራ ካሰኘህ ትሠራለህ፤ ካላሰኘህ የሰው መኪና ቀምተህ ስትዞር ትውላለህ። ሥራ ፈት ለሆነ ተመራቂ ከዚህ የተሻለ ሀገር አይገኝም።

ውጭ አገር ያሉ የጌሙ ወዳጆች፣ ማንም ሳያዛቸው ማንም ሳይከፍላቸው፣ ጌሙን ፈታትተው በእጅ በሚያዙ ማሽኖች ላይ እንዲሠራ እንደ አዲስ እየጻፉት መሆኑን ኢንተርኔት ላይ አነበብን። የጻፉትንም ለፈለገ ሁሉ በነፃ ለቀውታል። እኛም ማውረድ ጀመርን። ሊያልቅ ሲል መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ ኢንተርኔቱ ይጠፋል። እንደ ምንም ወርዶ ትንሿ ላይ ጫንነው። ጎረምሳው ብቅ አለ፣ አንድ እግሩን አነሳ፣ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። የእኛዋ ማሽን የቆየች ስለሆነች ሜሞሪዋ ትንሽ ነው፤ ያን ሁሉ ከተማ መሸከም አልቻለችም።

«እኛው እናሳንሰዋለና» አለ የአጎቴ ልጅ።

መጀመሪያ ጥላዎችን ጣልን። ከዚያ ወፎቹን፣ የመንገድ መብራቱን፣ የባሕሩን ሞገድ። የመኪኖቹን ጎማ ክብነት ቀነስን፤ ስምንት ማዕዘን ያለው ጎማ ብዙ ቦታ አይፈጅም፣ ትንሽ ያንገጫግጫል እንጂ ይሄዳል። ለሕዝቡ ሁሉ አንድ ፊት ሰጠነው። ከሁሉ የቀለለው የአንዲት አይስክሬም ሻጭ ፊት ስለነበረ ፖሊሱም፣ ሌባውም፣ ባለሀብቱም በእሷ ፊት ይዞሩ ጀመር። አሁንም ሲከብድ ሕዝቡን ራሱን ቀነስነው፤ ከተማው የስቅለት ዕለት ደብረ ማርቆስን መሰለ። አባቴ ለዓመታት ያስተማረኝ ለዚህ መሆኑን ቢያውቅ ምን ይል ይሆን እያልኩ እስቅ ነበር። ዲግሪዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ያዋልኩት የሰው ፊት በመንጠቅ ነው።

ይህም አልበቃ ሲል ካርታውን ለሁለት ከፈልነው። መሀሉ ላይ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ምሥራቅ ያለውን እኔ፣ ምዕራቡን እሱ ሊያቀል ተስማማን። ጎረምሳው ምሥራቅ ሲሆን ማሽኗ ምሥራቁን ብቻ ትይዛለች፤ ሲሻገር ምሥራቁን ጥላ ምዕራቡን ታነሳለች። እስከዚህ ድረስ ብልሆች ነበርን። ችግሩ ድልድዩ ነው። ድልድዩና ሁለቱ ዳርቻዎቹ በማን በኩል እንደሚሆኑ አልተነጋገርንም። ድልድዩ ደግሞ ከባድ ነው፤ የጌሙ ሠሪዎች እያንዳንዷን ብሎን ሠርተውበታል። በማንም ክፍል ቢጨመር ያ ክፍል ይሞላና ማሽኗ ደርቃ ትቆማለች።

ስለዚህ እኔ ለማንም ሳልናገር ወሰኔን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብኩ፤ ድልድዩን እሱ ይያዘው ብዬ። እሱም ለማንም ሳይናገር ወሰኑን ወደ ኋላ ሳበ፤ እሱ ይያዘው ብሎ። ሥራችንን ስንገጥመው ጎረምሳው መኪናውን እያስጮኸ ወንዙ ዘንድ ደረሰ። ድልድይ የለም፣ ወንዝም የለም፣ መሬትም የለም። ከነመኪናው ወደቀ። ታች ስለሌለው መውደቁ አያልቅም፤ ባትሪው እስኪያልቅ ይወድቃል።

«ድልድዩ ያንተ ነው» አልኩት።

«ኧረ ያንተ ነው» አለኝ።

ነገሩ ከረረ። በጎጃም ምድር ወሰን ገፋህ ተብሎ የተከሰሰ ሞልቷል፤ ወሰን ሸሸህ ተብሎ የተከሰሰ ግን ከእኛ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ጌም ቤቱ መሀል ቆመን «አንተ ነህ የሸሸኸው! መሬቱ ያንተ ነው!» እየተባባልን ጮህን። ደንበኞቹ ጨዋታቸውን አቁመው እኛን ያዩ ጀመር፤ ነፃ ነበርና። በመጨረሻ እሱ ትንሿን፣ እኔ ላፕቶፔን ይዘን ተለያየን። በማግስቱ መንገድ ላይ ሳየው ወደ ማዶ ተሻገርኩ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ሱቅ የማይ መስዬ፣ ልክ አባቴ ከወንድሙ እንደሚሸሸው። ይህ ገባኝ፤ ግን አልተመለስኩም። ድልድዩ የእሱ ነበራ!

መናኸሪያ ወሬ አይደብቅም። አባቴ ከሰዓት በኋላ ፈገግ ብሎ ቤት ገባ፤ እሱ ፈገግ የሚለው በዓመት በዓል ብቻ ነው።

«ከዚያ ሰው ልጅ ጋር በወሰን ተጣላህ አሉ» አለኝ።

«አዎ፣ ግን አባዬ…»

«እሰይ!» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «እኔ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ ቀረ ስል፣ ለካስ ደሜ አለብህ! ገፋብህ?» ስመረቅ እንኳ ይህን ያህል አልተደሰተብኝም።

«አልገፋም። ሸሸ።»

«እንዴት ያለ ሸሸ?»

«ቦታውን አልፈልግም አለ። ያንተ ነው አለኝ።»

«ያንተ ነው አለህ? በምስክር ፊት?» አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ታዲያ ምን ቀረህ? ወሰድከዋ!»

«አልወሰድኩም። እኔም የእሱ ነው አልኩት።»

አባቴ ትኩር ብሎ አየኝ። በሽተኛ ሲጠይቅ የሚያሳየውን ፊት ነው ያሳየኝ። «ሰው መሬት ያንተ ነው ሲልህ» አለ ቀስ ብሎ፣ «በመናኸሪያ መሀል፣ በሕዝብ ፊት፣ አንተ የእሱ ነው አልክ?»

«ጌም ነው አባዬ። መሬት አይደለም።»

«ወሰን አለው?»

«አለው።»

«ወንዝ አለው?»

«ነበረው።»

«ታዲያ ምኑ ነው መሬት ያልሆነው?»

አባቴ መልሴን ሳይጠብቅ ጋቢውን አነሳና ወጣ።

የሄደው ወደ ነፍስ አባታችን ነው። የሁለቱም ቤት ነፍስ አባት አንድ ናቸው፤ ዲማ ገብተው ቅኔ የተማሩ፣ ነገር የማይቸኩሉ ቄስ። ወንድማማቾቹን ለማስታረቅ ያልሞከሩት የለም። ለምነዋል፣ በመስቀላቸው ገዝተዋል፣ ራሳቸውም አኩርፈዋል፤ ምንም አልሆነም። በኋላ እንደነገሩኝ፣ አባቴ «ልጄ መሬት ሰጠብኝ» ብሎ በፊት በር ሲወጣ አጎቴ «ልጄ መሬት ጣለብኝ» ብሎ በጓሮ በር ገባ። አባ ሁለቱንም አጽናንተው ሸኙና ብቻቸውን ቁጭ ብለው ሳቁ። ከዚያ ላኩብን። እኔና የአጎቴ ልጅ በሽማግሌ እንድንታረቅ፣ አባቶቻችንም ለየልጆቻቸው ዋስ ሆነው እንዲቀመጡ አዘዙ። «እናንተ ባለጉዳይ አይደላችሁም፤ ዋስ ብቻ ናችሁ» ብለው ደጋግመው ነገሯቸው። ሁለቱም እሺ አሉ። ልጁ መሬት ሲያጣ ቤቱ የሚቀመጥ አባት የለም።

የተቀመጥነው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ አንድ ወይራ ሥር ነው። የወሩ ሚካኤል ዓርብ ላይ ውሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ አባ ናቸው። ሁለተኛው በንጉሡ ጊዜ ጭቃ ሹም የነበሩ፣ የስንቱን ወሰን በእግራቸው የዞሩ አዛውንት ናቸው። ሦስተኛው ቁጥር እንዲሞላ የመጡ ይመስለኛል፤ ሲጀመር ተኙ፣ ሲያልቅ ነቁ። አባቴና አጎቴ አንድ ግንድ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ።

«ቦታው የት ነው?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

የአጎቴ ልጅ ትንሿን ከኪሱ አወጣ። «እዚህ ውስጥ ነው።»

ተቀብለው አገላበጧት፤ ጆሯቸው ላይ አድርገውም አዳመጧት። «ወንዙ ስሙ ማነው?»

«ስም የለውም።»

«ምን ያበቅላል? ገብስ? ድንች?»

«ምንም አያበቅልም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የምትሸሹት? ወባ አለበት?»

«ይከብዳል አባባ» አልኩ እኔ።

«መሬት ይከብዳል?»

«ይከብዳል። ቦታውን የያዘ ሰው ማሽኗ ቀጥ ትልበታለች። ወደፊትም ወደ ኋላም አይልም።»

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መሬት የያዘው ሰው ደርቆ ሲቀር እኛም አይተናል» አሉ። ወደ ግንዱ ግን አልዞሩም።

አባቴ አላስቻለውም። «ይበሉልኝ አባ» አለ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ። «ልጄ ገና ልጅ ነው፣ የሚለውን አያውቅም። ቦታው የልጄ ነው። ከነድልድዩ!»

«አባዬ፣ አልፈልገውም እኮ!»

«ዝም በል አንተ!»

«ይበሉልኝ አባ» አለ አጎቴ ከጀርባው። «ድልድዩ የልጄ ነው። ከወዲያ ማዶም ከወዲህ ማዶም ጨምሮ!»

የአጎቴ ልጅ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ከተጣላን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን። ለሁለታችንም ጠበቃ ቆሞልናል፤ ጠበቃችን ካሸነፈ ግን አለቀልን። ሳቄ መጣና ሳል አስመሰልኩት። እሱም ሳለ።

«ወሰን በወሬ አይዳኝም፤ በእግር ይዞራል» አሉ ጭቃ ሹሙ። እግር ያለው ጎረምሳው ነው። ትንሿን ከፈትናት፤ ግን ፀሐዩ መስታወቷ ላይ ስለወደቀ ከራሳችን ፊት በቀር የሚታይ ነገር ጠፋ። አባ ጋቢያቸውን አውልቀው በላያችን ላይ ጣሉት። ራሳቸው ገቡ፣ ጭቃ ሹሙ ገቡ፣ እኔና የአጎቴ ልጅ ገባን። «ዋሶች ያላዩት አይጸናም» አሉ አባ ከውስጥ። ከዚያ ጋቢው በወዲያ በኩል ተገለጠና አባቴ ገባ፤ በወዲህ በኩል ተገለጠና አጎቴ ገባ።

ከውጭ ምን እንደምንመስል እግዜር ይወቀው። ለሚካኤል የመጣው ሰው ሲሳለም ቆሞ ያየናል። አንዲት ሴትዮ ጸሎት የሚደረስ መስሏት አጠገባችን ተንበረከከች፤ ሳይጨርሱ አልነሳም ብላ እስከ መጨረሻው ቆየች።

ታላቅ ነውና ማሽኗን አባቴ ያዘ። ቁልፉን አሳየሁት። ጎረምሳው መሄድ ጀመረ፤ አባቴ በዝግታ፣ የእርሻውን ዳር እንደሚዞር ሰው አድርጎ ነው የሚያስኬደው። በመንገዱ ያሉ ሰዎች ዞር ባሉ ቁጥር ያው የአይስክሬም ሻጯ ፊት ነው።

«እነዚህ ሁሉ እህትማማች ናቸው?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«ፊት ስላነሰን ነው» አለ የአጎቴ ልጅ። ማንም አብራራ አላለውም።

መንገድ ላይ አንድ መኪና ጎረምሳውን ገጨው። ደሙ ሲቀንስ የሚድነው በመብላት ስለሆነ የአጎቴ ልጅ ምግብ የሚሸጥበት ጋሪ አሳየ።

«ምንድን ነው የሚሸጠው?» አሉ አባ።

«ሥጋ ነው።»

«ዓርብ ነው።»

«አባ፣ እዚያ ሀገር ምን ቀን እንደሆነ አናውቅም» አልኩ።

«እኛ ዓርብ መሆኑን እናውቃለን። ይዞት የሚሄደውም ክርስቲያን ነው» አሉና ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። ጎረምሳው ጾሙን ወደ ወንዙ ሄደ።

አባቴ እየጋለ ሄደ። «ይኸው! ይቺን ግንብ እዩልኝ» ይላል። «ከዚህ ወዲያ ጠቅላላው የልጄ ነው። ሰው ከፈለገ ይምጣና ይከልክለኝ!» ቁልፉን ግጥም አድርጎ ተጭኖታል። ጎረምሳው ይሮጥ ጀመር። እኔ ዳሩን አየሁት፤ ሣሩ በቢላ እንደተቆረጠ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ ግራጫ ባዶ ነው። አቁም ልል አፌን ስከፍት ሌላ ድምፅ ቀደመኝ።

«ጋሼ! ገደል!»

አጎቴ ነው። በሁለት እጁ የአባቴን የእጅ አንጓ ጨምድዶ ይዞታል።

ጋሼ ታናሽ ለታላቅ ወንድሙ የሚለው ነው፤ በየቤቱ ቀኑን ሙሉ የሚባል ቃል ነው። አጎቴ አባቴን በዚህ ስም ሲጠራው ግን እኔ ሰምቼ አላውቅም። ጎረምሳው ወደቀ። ስድስት ራስ አቀርቅረን ሲወድቅ አየነው፤ እጁን እያወናጨፈ፣ ወደታች፣ ወደታች።

«መቼ ነው የሚያርፍ?» አሉ አባ።

«አያርፍም አባ። ታች የለውም።»

«ለምን?»

«ቦታው የማንም ስላልሆነ» አለ የአጎቴ ልጅ።

አጎቴ አንጓውን አልለቀቀም። አባቴም ልቀቀኝ አላለም። ባትሪው አልቆ መስታወቷ እስኪጠቁር ድረስ እንዲሁ ቆየን። ከዚያ አባቴ «እንግዲህ ልቀቀኝ» አለ፤ በቁጣ አልነበረም። ከጋቢው ወጣን። ሁለቱም ተመልሰው ግንዱ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። እኔ በጣም ተናደድኩ። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይጠብቃል? ሁለቱንም አንገታቸውን ይዤ ባዞራቸው ደስ ባለኝ።

ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። ቦታው የወል ግጦሽ ይሁን፤ አይታረስ፣ ቤት አይሠራበት፣ ድልድዩ ይፍረስ፣ ወንዙ ይደፈን፣ መሀሉ ላይ የወሰን ድንጋይ ይተከል ተባለ። እኛም ታረቅንና እንደታዘዝነው አደረግን። ያን የሚያምር የብረት ድልድይ አፍርሰን ሜዳ አደረግነው፤ ሣር አለበስነውና አንድ ድንጋይ ተከልንበት። ሠራ ለማለት ያህል ሠራ፤ መኪናው እስከ መስኮቱ ሣር ውስጥ ይሰምጣል እንጂ አይወድቅም። ሥራችንንም ለውጭዎቹ የጌም ወዳጆች በነፃ ለቀቅነው። ጥቂት ሰዎች አመሰገኑ። አንዱ «ድልድዩ በነበረበት ቦታ አንድ ድንጋይ አለ፤ መኪናዬ ሁልጊዜ ይጋጭበታል፤ ስህተት ነው?» ብሎ ጻፈ። የአጎቴ ልጅ «ስህተት አይደለም፤ ሽማግሌ የተከለው ነው፤ አይነቀልም» ብሎ መለሰለት። ሰውየው ተመልሶ አልጻፈም።

ከዚያ በኋላ አባቴ ትንሿን ከአጎቴ ልጅ እንድዋስለት ይጠይቀኝ ጀመር። የሰው መኪና አይነካም። ጎረምሳውን ድንጋዩ ዘንድ ወስዶ ያቆመዋል፣ ያያል። «ሣሩ እንዲህ አምሮ ከብት የለም?» አለኝ አንድ ጊዜ። አንዲት ላም ጨመርንለት። ቦታ ስላልነበረ የሰጠናት የአይስክሬም ሻጯን ፊት ነው፤ እሱ ግን አልጠላትም። አጎቴም በሌላ ቀን ጌም ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ያችኑ ላም ሲያይ እንደሚውል የአጎቴ ልጅ ነገረኝ።

አንድ ጠዋት አባቴ ቁርሱን አጋምሶ አቆመ። «ያቺ የእኛዋ ቁራጭ» አለ። «እኔም ብሞት እሱም ቢሞት እንዲሁ ገደል ሆና መቅረቷ ነው። ሂድና ለአባ ንገራቸው። የበሬ መዞሪያዋ የእሱ ናት ብሏል በላቸው።» እየሮጥኩ ሄድኩ። በዓመታት ያልተፈታ ነገር በቁርስ ሰዓት ተፈታ ብዬ ልቤ ሊፈነዳ ነበር።

መልሱ በዚያው ቀን መጣ። አጎቴ «የታላቄን መሬት የምወስድ እኔ ማን ነኝ? የእሱ ናት» ብሏል።

አባቴ ብድግ አለ። «ጭራሽ ናቀኝ! ሰጥቼው እምቢ ይለኛል?» ደግሞ ላከኝ። አጎቴ ደግሞ መለሰ። አባ በመካከል ተመላልሰው ሰለቻቸው። «እግሬ አለቀ፤ ከእንግዲህ ራሳችሁ ተሰዳደቡ» አሏቸው።

ተሰዳደቡ። አጎቴ ከዓመታት በኋላ የቤታችንን በር የረገጠው፣ መሬቱ የአባቴ መሆኑን ሊጮህበት ነው። እናቴ ምንም እንዳልሰማች ማዕድ አቀረበችለት፤ እየበላ ጮኸ። አባቴም በሳምንቱ እነሱ ቤት ሄዶ እየጠጣ ጮኸ። ጎረቤት ሊገላግል ይመጣና የሚጣሉበትን ሲሰማ ግራ ገብቶት ይመለሳል። ለፋሲካ አጎቴ ነገሩን ሊቀጥል በማለዳ ሲመጣ አባቴ በጉን ጥሎ ቢላ ይዞ ቆሟል። አጎቴ ጥቂት አየውና «አምጣ ወዲህ፣ ቆዳውን ልታበላሸው ነው» ብሎ ቢላውን ነጠቀው። «የበሬ መዞሪያዋ ያንተ ናት» እያለ ገፈፈ፤ «ያንተ ናት» እያለ አባቴ እግሩን ያዘለት። ያን ቀን ቆዳው አንድ ቀዳዳ የለውም። እኔ ወደ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

መሬት የሚለኩ ወጣቶች ሮብ ገበያ ደረሱ ሲባል ሁለቱንም ይዘን ሄድን። ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። የበሬ መዞሪያዋ ለዓመታት ሳትታረስ ቆይታ ሣሯ ጉልበት ይደርሳል፤ የአራሾቹ ጥጆች ተቀላቅለው ይግጡባታል። ለኪው ሳተላይት የምታነብ ትንሽ ማሽን በእጁ ይዞ፣ መስታወቷን እያየ ወሰኑን መዞር ጀመረ። አባቴ ማሽኗን ሲያይ ደነገጠ።

«ልጄ፣ ቀስ በል» አለው። «እዚያ ጋ ስትደርስ ትጥልሃለች።»

«ታች የለውም» አለ አጎቴም።

ለኪው እኔን አየኝ። እኔ ባሕር ዛፉን አየሁ።

ሣሯ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ይቺ ቁራጭ የማን ናት?»

«የእሱ ናት» አለ አባቴ።

«የእሱ ናት» አለ አጎቴ።

«ኧረ ተው! አልቀበልህም አልኩ እኮ!»

«እኔስ ልቀበልህ ነው?»

ለኪው ማሽኗን ዝቅ አደረገ። ከጠዋት ጀምሮ የኔ ነው የኔ ነው ሲባል የዋለ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ድካሙ ይታያል። «ቆዩ አባቶች» አለ። «እናንተ የታረቃችሁ ናችሁ ወይስ የተጣላችሁ?»

ትልሙ በዝናብ ርሶ ያዳልጣል። አባቴ የአጎቴን ክንድ ያዘና ቀስ አድርጎ ወደ ማዶ አሻገረው።

«የተጣላን ነን» አለ። «አይታይህም?»